የደም ሥር ምስክርነት

ብቸና፣ ጥር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ፈንታነሽ ዛሬ ከሞጣ ገባች። ከጥቅምት ጀምሮ ታላቅ እኅቷ ይርጋነሽ ቤት ተቀምጣ መርፌ ስትወጋ ከርማ ነው። በልጅነቷ ይዟት የነበረው ቁርጥማት አምና ክረምት ተመልሶባት፣ ዛሬ ጉልበቷን፣ ነገ ቁርጭምጭሚቷን፣ ከነገ ወዲያ ክንዷን እያፈራረቀ ሲያሳብጣት፣ ሚስት አገባሁ ወይስ አስታማሚ ሆንሁ ብዬ ነበር የላክኋት። አሁን ግን ከበቅሎዋ በራሷ እግር ወረደች። እናቴ ጉልበቷን ጫን ጫን አድርጋ አየችና "ድናለች፤ ምንም አልቀራት" አለች።

ከጓዟ ውስጥ በነጭ መሐረብ የተጠቀለሉ ትንንሽ ብልቃጦች ወጡ። ነጭ ዱቄት አለባቸው። ምንድን ነው አልኋት።

"የወር መርፌዬ ነው። እዚህ ክሊኒክ ያለው ድሬሰር በየወሩ ይውጋሽ፤ ቢሻልሽም አንድ ወር እንዳታሳልፊ ብሎኛል ሐኪሙ" አለች።

ሐኪሙ የምትለው የሞጣውን ጤና መኮንን አካለ ወልድን ነው። ጎንደር ተምሮ የመጣ፣ ገና ሚስት ያላገባ የሉማሜ ልጅ ነው። መሐረቡስ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። "የሱ ነው" አለች። ዓይኔን እያየች ነው እንዲህ ያለችኝ።

ጥር 16

ዛሬ በወሰን ሙግት አራት ምስክር ቀረበ። ወንጌል የማስይዘው እኔ ነኝ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ስለሆንሁ ይህን ሥራ ለዘበኛ ልተወው እችላለሁ፤ አልተውም። ነፍሳቸውን ይማርና ዳኛችን የነበሩት ግራዝማች ያስተማሩኝ ጥበብ አለ። ምስክሩ እጁን ወንጌሉ ላይ ሲያኖር አንጓውን እንደ መደገፍ ብለህ ያዝለት፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ያለችው የደም ሥር ረጋ ብላ ከመታች እውነተኛ ነው፤ ከተንፈራገጠች ይዋሻል አሉኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልሳትሁም።

ሦስተኛው ምስክር ተንፈራገጠ። ለዳኛው በዓይኔ ጠቀስኋቸው፤ ቃሉ ውድቅ ሆነ። ሰውየው ሲወጣ ከቆላ ዳገቱን እየሮጠ ገና አሁን መድረሱን ለዘበኛው ሲነግር ሰማሁት። ሰበብ አያጡም።

ጥር 28

እናቴ ማድ ቤት ለብቻዋ ታወራለች። "ስድስት ዓመት ያልያዘ ማሕፀን መርፌ ስለ ተወጋ ይይዛል? ምን ዓይነት መርፌ ናት እናንተ!" አለች። እንድሰማት ነው ድምጿን ከፍ ያደረገችው።

ማታ ፈንታነሽን ጠየቅኋት። አልካደችም። ፊቷ በራ።

"እንዳይወርድብኝ ፈርቼ ነው ያልነገርሁዎ። ኅዳር ላይ መጥተው የለም እንዴ?" አለች።

እውነት ነው፤ ኅዳር ሚካኤል ሰሞን መዝገብ ይዤ ሞጣ ሄጄ ይርጋነሽ ቤት ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። ሁለት ሌሊት ብቻ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ስድስት ዓመት የለመንሁት ነገር ነው። ለምን ደስ እንዳላለኝ ራሴን ስጠይቅ ያ መሐረብ ይመጣብኛል።

የካቲት 3

ብልቃጦቹን ከነመሐረቡ ወስጄ ፍርድ ቤት የኤግዚቢት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁባቸው፤ በተሰረቀ ጠመንጃና ደም በነካው ጋቢ መካከል። ቁጥር አልሰጠኋቸውም።

ወደ ድሬሰሩ የምትሄድበት ቀን ደርሶ ኖሮ ቤቱን ስታተራምስ አገኘኋት። "ወስጄዋለሁ" አልኋት።

"ለምን?"

"ነፍሰ ጡር መርፌ አትወጋም።"

"ሐኪሙ እንኳ ስትፀንሺ ይበልጥ ጠንቀቅ…" ብላ ቃሏን ዋጠችው።

ስትፀንሺ! እኔ ባሏ ሳላውቅ ከዚያ ጎረምሳ ጋር ስለ ፅንስ ተጫውታለች ማለት ነው።

የካቲት 12

ጉንጮቿ ቀልተዋል። ሌላው ፊቷ ገርጥቶ ሁለቱ ጉንጮቿ ብቻ የተቀባች ይመስል ቀልተዋል። ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትገባ እንስራውን ሳታወርድ በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች። ስታየኝ ይብስ ቀላች። ያላፈረ ሰው አይቀላም።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ዳገቱ ነው" አለች። ዳገቱ እኮ ካገባኋት ጀምሮ እዚያው ነው ያለው።

የካቲት 15

ትናንት የተናገርኋት በዛ። እናቴ ፊት መናገር አልነበረብኝም። ዛሬ ስመለስ ማር ይዤላት ልገባ አስቤ ነበር። ረሳሁት።

የካቲት 20

አሁን ደግሞ አጠገቤ መተኛት ትታለች። ሁለት ትራስ ደርባ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታድራለች። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሰው የሚያፍናት ይመስላታል። እኔ ነኝ የማፍናት? ሌሊት ተነሥታ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቆማለች። ማንን ትጠብቂያለሽ ስላት "አየር ነው" ትላለች። ሰው አየር ለመጠበቅ በሌሊት በር ላይ ሲቆም አላየሁም።

አንደኛውን ትራስ ወስጄ ለእናቴ ሰጠኋት።

የካቲት 27

ጾም ገባ። አባ ገብረ ክርስቶስ "ነፍሰ ጡር ናት፤ ይቅለልላት" አሉ። የነፍስ አባታችን ሆደ ቡቡ ናቸው። እኔ አላቀለልሁላትም። እንደ ማንኛችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ውሃውንም ትቀዳለች።

መጋቢት 2

ሰሞኑን ጉሮሮዬን አመመኝ ስትል ነበር። ዛሬ ቀኝ ጉልበቷ አብጦ ተነሣች። ማታ ደግሞ ክንዴ ነው አለች። ትኩሳት አላት፤ ነክቼ አይቻለሁ።

"ልሳነ ወርቅ፣ ይቺ ልጅ እውነትም ታማለች መሰለኝ" አለችኝ እናቴ። ፊት ያማቻት እሷ፣ አሁን ያዘነችላት እሷ።

ነገሩ ግልጽ ነው። መርፌውን ከለከልኋት። መርፌውን የሚሰጠው ሞጣ ነው ያለው። ጉልበቷ አበጠ። እንዲህ ያለውን ነገር ፍርድ ቤት ያልዋለ ሰው እንኳ ይደርስበታል።

መጋቢት 8

ጉልበቷ ጎደለ፤ ያለ መርፌ። አልሁ አይደል! አሁን ደግሞ ሳል ጀምሯታል።

ዛሬ ማታ ግን ሌላ ነገር አየሁ፤ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ እጽፈዋለሁ።

ከራት በኋላ መደቡ ላይ አጠገቤ አስቀመጥኋትና "እጅሽን አምጪ" አልኋት። ገረማት። እጇን እንዲሁ የያዝሁበት ቀን እኔም ትዝ አይለኝም። ፈገግ ብላ ሰጠችኝ። ጣቶቼን ከአውራ ጣቷ ሥር አኖርሁ።

እንደዚያ ያለ የደም ሥር አጋጥሞኝ አያውቅም። የውሸታም ደም ሥር ይቸኩላል፤ ችኮላው ግን ልክ አለው። የሷ ልክ የለውም። ሁለቱን ፈጠን አድርጎ ይመታል፣ ይጠፋል፣ ቆመ ስል ሦስቱን አከታትሎ ይመታል፣ ደግሞ አንዱን ዘግየት አድርጎ እንደ ነገሩ ይነካና ይዘላል። ሕፃን ልጅ ከበሮ ያገኘ ይመስላል።

"ሐኪሙ ነክቶሻል?" አልኋት።

ፈገግታው ጠፋ። "መርፌ ሲወጋኝ ይነካኝ የለም?"

"ከዚያ ሌላ ነው የምጠይቅሽ።"

"ኧረ በማርያም! ምን ይላሉ አንቱ?"

እጇን ልትነጥቀኝ ሞከረች፤ አልለቀቅኋትም። የባሰውን ተንፈራገጠ።

"ልቤ ነው" አለች። እንባዋ ወረደ። "ሰሞኑን እንዲህ ይሆንብኛል። ደረቴ ውስጥ ይገለባበጥብኛል። ብነግርዎ አያምኑኝም ብዬ ነው።"

"ልብሽ ለምን ይገለባበጣል?"

"እንጃ።"

"እኔ አውቃለሁ" አልኋት።

መጋቢት 10

ሰው ያለ በቂ ማስረጃ አይፈርድምና ፈተናውን ደገምሁት። መጀመሪያ የናቴን ያዝሁ፤ ረጋ ያለ ነው። የራሴን ያዝሁ፤ እንደ ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ ፈንታነሽን ያዝሁና ቀላል ነገር ጠየቅኋት፤ ሽሮው ጨው ገብቶበታል ወይ አልኋት። ገብቶበታል አለች። የደም ሥሯ ያው ነው፤ ይዘላል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ሽሮውን ቀመስሁት። ጨው አለው።

ለካ ውሸት አንዴ ከገባ እውነቱንም አብሮ ያናውጠዋል።

መጋቢት 13

ጎረቤቴ ሣህለ ማርያም አጥሩ ሥር አገኘኝና ምን ያከሳሃል አለኝ። ባንቺዓለም የምትባል ልጅ እግር ሚስት አምና አግብቶ እንደ ዕንቁላል ነው የሚጠብቃት። ልነግረው አልፈለግሁም ነበር፤ ነገርሁት። ስለ ደም ሥሩም ነገርሁት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ሲያደንቀኝ ትንሽ ቀለል አለኝ።

መጋቢት 18

አባ ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ሄጄ ፈንታነሽ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትማልልኝ አልኋቸው። ጥምጥማቸውን ነካኩ።

"ነፍሰ ጡር ማስማል አልወድም፤ ልጄ። ለመሆኑ ምን አይተህ ነው?"

"የደም ሥሯን።"

"የደም ሥር ምን ያውቃል?"

"አባቴ፣ እምቢ ካሉኝ ሳትምል እፈታታለሁ፤ ልጁንም አልቀበልም። ከማለች ግን አምኜ እቀበላታለሁ" አልኋቸው።

እንግዲያስ ትዳራችሁ ይቆም እንደሆነ ብለው እሺ አሉ። ቃሉን እኔ አረቀቅሁላቸው። የፍርድ ቤቱ ቃል ልል ነው፤ የኔ ጠበቅ ያለ ነው።

መጋቢት 24፣ ደብረ ዘይት

ማለች።

ማለዳ ነጠላዋን ስታጣፋ "እውነት ስለሆነ አልፈራም። ከማልሁ በኋላ ግን ያምኑኛል?" አለችኝ። አዎ አልኋት። "ትራሴንስ ይመልሱልኛል?" አለች። አዎ አልሁ። ስለ መርፌውም ልትጠይቀኝ አስባ ተወችው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ደወል ተደወለ። አባ ቃሉን እየቆራረጡ ይላሉ፤ እሷ ከኋላቸው ትላለች። "ከባሌ ከልሳነ ወርቅ ሌላ ወንድ አውቄ፣ በሆዴ ያለው የሌላ ሆኖ ቢገኝ፣ አንደበቴ ይታሰር፣ ቀኝ እጄ ይድረቅ።" ድምጿ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ጎርነን ብሏል፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። ሕዝቡ አሜን አለ።

ለአፍታ አመንኋት። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አምኛት ነበር። ስንመለስ ዳገቱ ላይ እየደጋገመች ተቀመጠች። መጨረሻ ላይ አሳዘነችኝና ላነሣት እጄን ሰጠኋት። ስይዛት ጣቴ ከደም ሥሯ ላይ ዐረፈ።

ያው ነው። ከመሐላውም በኋላ ያው ነው።

ትራሱን አልመለስሁላትም።

መጋቢት 27

ዛሬ ጠዋት ፈንታነሽ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ልታነሣው ስትል እጇ አልታዘዝ አላት። ቀኝ እጇ። ወደ እናቴ ዞራ ልትናገር አፏን ስትከፍት ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ተጣመመና ቃል ሳይሆን እንደ ሕፃን ያለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ወደቀች። እናቴ "መሐላው ያዛት! መሐላው ያዛት!" እያለች ወደ ደጅ ሮጠች። እኔ ከፍርድ ቤት ስደርስ ግቢው ሰው ሞልቶ ነበር። ማንም አልነካትም፤ ሁሉም ራቅ ብሎ ቆሞ ያማትባል።

አንደበቷና ቀኝ እጇ። እኔ የጻፍሁት ቃል።

ፈራሁ። ከዚያ ግን፣ ለማን እደብቀዋለሁ፣ ደስ አለኝ። እኔ አልተሳሳትሁም።

መጋቢት 29

በመንገድ የሚያገኘኝ ሁሉ ቆሞ እጅ ይነሣኛል። ዳኛው ሳይቀሩ "ፈጣሪ ራሱ ፈረደልህ" አሉኝ። አባ ገብረ ክርስቶስ ግን ቤታቸውን ዘግተዋል። ቃሉን ያስባልኋት እኔ ነኝ እያሉ ያለቅሳሉ አሉ።

ፈንታነሽ እያየችኝ ነው። አልጋው ላይ ሆና ዓይኗ ይከተለኛል። ግራ እጇን ታነሣና ወደ ትራሱ፣ ወደ ደረቷ፣ ወደ ደጅ ታመለክታለች። ምን እንደምትል አልገባኝም። ልትናዘዝ ይሆናል።

ሚያዝያ 3

ይርጋነሽ ቃሬዛና ተሸካሚ ልካ ወደ ሞጣ ወሰዷት። ሽማግሌዎች ፊት ፈትቻታለሁ ብያለሁ። ሲያነሷት በደኅነኛው እጇ ጋቢዬን ያዘች። አልለቀው አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ። ብርቱ ናት ለካ።

ቤቱ ሰፋ።

ሚያዝያ 22

ፋሲካ። እናቴ ዶሮውን ጨው አበዛችበት። እንዲሁ በላሁት።

ሞጣ፣ ግንቦት 12

መዝገብ ላደርስ መጣሁ። ይርጋነሽ ቤት አልሄድም ብዬ ነበር፤ ገበያ መካከል አገኘችኝና ነጠላዬን ይዛ ጤና ጣቢያ ድረስ ጎተተችኝ። ሰው ያያል ብዬ ተከተልኋት።

በሩ ላይ መሪማ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ከሐኪሙ ክፍል ስትወጣ ተገጣጠምን። ብልቃጦች ይዛለች። በነጭ መሐረብ የተጠቀለሉ ናቸው። ከኋላዋ የወጣው ሽማግሌም እንዲሁ።

አካለ ወልድ ያሰብሁትን ያህል መልከ መልካም አይደለም። ዓይኑ የደከመ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ሰላምታዬን ተቀብሎ ፈንታነሽ ወደተኛችበት ክፍል አስገባኝ። ሦስት ትራስ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ከስታ ሆዷ ብቻ ቀርቷል።

"እንዳይቀሰቅሷት። ይህን ከጆሮዎ ያድርጉ" አለኝና ያንገቱን መስሚያ ሰጠኝ። ጫፉን ከደረቷ ላይ አኖረው።

ሰማሁ። ሁለት ፈጠን፣ ጥፋት፣ ሦስት ተከታትሎ፣ ዝላይ። በጣቴ የማውቀው ነው። ተኝታለች። የጠየቃት ሰው የለም። ወንጌልም አልያዘችም። እኔም ከዚያ መኖሬን አታውቅም።

"ይህ ሁልጊዜ ነው?" አልሁት።

"ሌሊትም ቀንም፤ በእንቅልፏም" አለ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ ነገረኝ። ነገሩ በልጅነቷ በጉሮሮ በሽታ ነው የጀመረው። ሰውነት ያንን በሽታ ሊዋጋ ይነሣና ይሳሳታል፤ የራሱን ሥጋ ጠላት አድርጎ ይደበድባል። መገጣጠሚያውን ሲደበድብ ቁርጥማት እንለዋለን። ያ ያልፋል፤ ጉልበት ይጎድላል፤ ድናለች እንላለን። ልብ ላይ ያረፈው ግን ጠባሳ ይተዋል። በጠባሳው የልብ በር ይጠባል፤ ደም ከበሩ በስተኋላ ይታቆራል፤ ያ የልብ ክፍል ይለጠጥና አመታቱን ይስታል። ጉንጭ የሚያቀላው፣ ጋደም ሲሉ የሚያፍነው፣ ዳገት ላይ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። እርግዝና ሲጨመርበት ይብሳል። ከታቆረው ደም አንዲት ጓል ረግታ ወደ ራስ ቅል ከወጣች አንደበትና እጅ ትወስዳለች።

"መሐላ አይደለም?" አልሁት። ድምፄን አላወቅሁትም።

"መሐላ ደም አያረጋም፤ አቶ ልሳነ ወርቅ። መርፌው ቁርጥማቱ ተመልሶ ልቧን እንዳይደግማት ነበር። የሰጠኋትን ብልቃጥ ድሬሰሩ ወግቷታል?"

ቁም ሣጥኑ ታየኝ። "መንገድ ላይ ተሰበረ" አልሁት።

ይህን ስል ፈንታነሽ ዓይኗን ገለጠች። ከመቼ ጀምሮ ነቅታ እንደነበር አላውቅም። አየችኝ፤ ወደ ሐኪሙ ዞረች፤ አፏ ተንቀሳቀሰ። ያው የሕፃን ድምፅ ወጣ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ "ምን ፈለግሽ?" አላት። ሁለት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐኪሙ መስሚያውን ከሆዷ ላይ አድርጎ ደግሞ አሰማኝ። ይህኛው ይቸኩላል፤ ግን ልክ አለው።

"የልጅዎ ነው" አለኝ። "የልጁ ነው" አላለም።

ስወጣ ይርጋነሽ ደጁ ላይ ጠበቀችኝ። እኔን ለመስደብ እንኳ አቅም አልነበራትም።

"እሷ ብትተርፍም ባትተርፍም አንድ ቃል ነው የምለምንህ። ብቸና ሄደህ ለአባ ገብረ ክርስቶስ በሐሰት አልማለችም በላቸው። ሰው ሁሉ በሰማበት ደጃፍ ይናገሩላት። እንዲህ ተብላ አትሙትብኝ። ልጇም ዲቃላ ተብሎ አይደግ።"

እሺ አልኋት። ከልቤ ነው።

ብቸና፣ ግንቦት 16

አባ ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ሄድሁ። በጾምና በስግደት አልቀዋል፤ ግን ዛሬ ፊታቸው ትንሽ ወዝ ነበረው። ከፈንታነሽ ወዲህ መሐላ ተፈርቶ ሰው የሰረቀውን በሬ እየነዳ ይመልሳል፤ ለዓመታት የተካካዱ ሰዎች ታርቀዋል።

"ይህ ባይሆን ኖሮ ጥምጥሜን አውልቄ ከዚህ አገር እጠፋ ነበር" አሉኝ። "ለመሆኑ ሞጣ አየሃት? ሐኪሙ ምን አለ?"

አፌ ውስጥ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን ቢሰሙ ይገድላቸዋል። ዳኛውስ? በኔ ጥቅሻ ቃላቸው ውድቅ የሆነው ምስክሮች ሁሉስ? አንዱ ክር ከተመዘዘ የት ይቆማል?

"ሐኪሙም አላወቀውም" አልኋቸው።

ግንቦት 23

ነገ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ችሎት ነበረ።

ግንቦት 30

ዝናብ። ብልቃጦቹን ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ልልክላት አሰብሁ። ከሞጣ የመጣ መድኃኒት ወደ ሞጣ ሲላክ፣ መንገድ ላይ ተሰበረ ያልሁትን ሐኪሙ ምን ይለኛል? መልሼ ቆለፍሁት።

ሰኔ 3

ወንጌል ማስያዙን ለዘበኛው ሰጠሁት። ወገቤን ያመኛል አልኋቸው።

ሰኔ 9

ከሞጣ ሰው መጣ። ፈንታነሽ ትናንት ማለዳ ዐርፋለች። ልጁም በሆዷ እንዳለ። ምጥ ሳይደርስ ልቧ እንዲሁ ቆመ አሉ። ይርጋነሽ የላከችብኝ ቃል የለም፤ ሰውየው ነግሮኝ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

እናቴ ልታለቅስ ጀምራ ጎረቤቱን አየችና ተወችው። የተፈታች ሴት ናት፤ በሐሰት የማለች ሴት ናት፤ እዚህ ማን ያለቅስላታል? ድንኳን አልተተከለም። ዛሬም ለአባ መንገር እችል ነበር። ዛሬ ብነግር ቢያንስ እዚህ ፍትሐት ይደረግላት ነበር። ጫማዬን አጥልቄ እስከ አጥሩ ሄድሁ። ጭቃ ነው።

ሰኔ 12

ማታ ሣህለ ማርያም መጣ። ሊያጽናናኝ መስሎኝ ነበር። መደቡ ላይ፣ ፈንታነሽ እጇን የሰጠችኝ ቦታ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያቺስ የሥራዋን አገኘች። እኔ ግን ጉድ ላይ ነኝ፤ ወንድሜ። ባንቺዓለም ሰሞኑን ሁኔታዋ አላማረኝም። ስጠራት ትደነግጣለች። አንተ እኮ ከሰው ሁሉ ቀድመህ ነው ያወቅኸው። እንዴት አድርገህ እንደያዝኻት አሳየኝ።"

እጁን ዘረጋልኝ።

አይሠራም ልለው ነበር። አይሠራም ካልሁት ለምን ይላል። ለምን ካለ ፈንታነሽስ ይላል። ነገ ጠዋት ለገበያው ሁሉ ያወራዋል። በአጥሩ በኩል ባንቺዓለም ለራት ስትጠራው ይሰማል፤ ገና የልጅ ድምፅ ነው ያላት።

እጁን ተቀበልሁት።

"ከአውራ ጣቷ ሥር ነው" አልሁት። "ስትጠይቃት ጠበቅ አድርገህ ያዝ። ልትነጥቅህ ብትሞክርም አትልቀቃት።"